ዝናቡ ሲያባራ የሚራገፈው ቡና

ባለቤቴ ሲያገባኝ የገባልኝ ቃል አንድ ነበር፤ የቆርቆሮ ቤት። እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥተው ገበያው ዳር ሱቅ የከፈቱ ሰው ስለነበሩ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚንደቀደቅ ዝናብ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ባለቤቴ የከምባታ ልጅ ነው፤ አስተማሪ፣ ያውም ጴንጤ። አባቴ ይህን የሰሙ ዕለት ሱቃቸውን ዘግተው ቤት ዋሉ። ሲነጋ ንዴታቸው በረድ ብሎላቸው ከፈቱት፤ ሠርጉም በሰላም አለፈ። ባለቤቴ ቦኖሻ ተመድቦ ያስተምር ነበርና እዚያ ለሁለት የሚሆን ቤት የለም ብሎ፣ ከዱራሜ ቁልቁል በእግር በሚወረድበት ቀበሌ ወላጆቹ ዘንድ ትቶኝ ሄደ። የዘንድሮው ቡና ሲሸጥ አባቱ ቆርቆሮ እንደሚገዙልን፣ እስከዚያ እንድታገስ ነገረኝ። መታገስ ከእኔ ጋር ብዙም የማይተዋወቅ ነገር ነው፤ ቢሆንም እሺ አልኩ።

በዚያ አገር ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ሌላ ቃል ቢያጋጥማት እንኳ ዞር ብላ በሌላ ቃል ነው የምትናገረው። ይህን መጀመሪያ ሲነግሩኝ ቀልድ መስሎኝ ከት ብዬ ሳቅሁ፤ ከእኔ በቀር የሳቀ ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ እሳቸውን አባባ፣ ባለቤታቸውን እማማ እያልኩ ኖርኩ። እዚህም ሌላ ስም አላወጣላቸውም።

አባባ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። አማርኛ በደንብ ይችላሉ፤ ሲናገሩት ግን እያንዳንዷን ቃል ከመሬት እንደሚያነሷት ቀስ ይላሉ። እማማ አማርኛ አይሰሙም። እኔ ደግሞ ከምባትኛ አልችልም ነበርና፣ የመጀመሪያውን ወር ያሳለፍነው በእጅ ምልክትና በግልምጫ ነው። አንድ ነገር ግን ያለ ቋንቋም ተግባብተናል። የሳር ቤቱ ጣራ በእሳቸው መኝታ በኩል ያፈስ ስለነበር የኮባ ቅጠል ከስሩ ወጥረው ያድሩ ነበር። የቆርቆሮው ቤት የሚቆምበትን ቦታ ከጓሮው በላይ መርጠው በገዛ ዶማቸው ደልድለውታል። አንድ ቀን እጄን ይዘው ወስደው በእግራቸው መሬቱን እየመቱ በሩ የሚሆንበትን፣ መስኮቱ የሚሆንበትን አሳዩኝ። ያን ቀን ወደድኳቸው።

እዚያ አገር መጀመሪያ ያስደነገጠኝ እርጥበቱ ነው። ከተማ ውስጥ ዝናብ አባራ ማለት አለቀ ማለት ነው። ፀሐይ ትወጣለች፣ ቆርቆሮው ይተናል፣ ሰው ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። የአባባ ቡና ግን ያለው በእንሰት ስር ነው። ዝናቡ ከሰማይ ሲያቆም ከእንሰቱ ይጀምራል፤ ኮባው ያቆረውን ውሃ ቀስ እያለ በቡናው ላይ ሲያንጠባጥብ ያድራል። ትናንት ማታ የዘነበ ዝናብ ዛሬ ረፋድ ላይ ቅጠሉ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። ጎመን ልቀጥፍ በዚያ በኩል ካለፍኩ ነጠላዬ ተጨምቆ ውሃ ይወጣዋል። ምን ዓይነት አገር ነው፣ ዝናቡ እንኳ አይሄድም እያልኩ ብቻዬን አጉረመርም ነበር።

እርጥበቱ ከእኔ ነጠላ የባሰ ነገር እንደሚያበላሽ ያወቅሁት የቡናው ፍሬ ሲጠቁር ነው። ገና አረንጓዴው ፍሬ ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ትወጣለች። ከዚያ ነጥቧ ትሰፋለች፣ ፍሬው ጠቁሮ ይደርቃል፣ ግማሹ ቅርንጫፉ ላይ ይቀራል፣ ግማሹ ይረግፋል። በዚያ ሰሞን ከግብርና አንድ ወጣት የቡና ባለሙያ በሞተር ሳይክል መጣና ገበሬውን ዋንዛ ስር ሰብስቦ አስተማረ። የተናገረው በአጭሩ ይህ ነው። በሽታውን የሚያበረታው እርጥበት ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ ቅጠሉና ፍሬው ረጥቦ በቆየ ቁጥር በሽታው ይገባል፤ ቶሎ ጠፈፍ ካለ ግን አቅም ያጣል። ጥላውን አሳሱለት፣ ንፋስ አስገቡለት ብሎ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

እንሰት መቁረጥ ማንም አልፈለገም፤ የሚበላው እሱ ነዋ። አባባ ተነሱና አንድ ሐሳብ አመጡ። ችግሩ ውሃው ቅጠሉ ላይ መቆየቱ ከሆነ ለምን አናራግፈውም? ዝናብ ባባራ ጠዋት ሁላችንም በደቦ እንውጣ፣ ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው እየሄድን እያንዳንዱን ቡና ነቅነቅ አድርገን ውሃውን እናራግፈው። ለብቻው አንድ ሰው አይጨርሰውም፤ ከተባበርን ግን ፀሐይ ሳትሞቅ እንጨርሳለን አሉ። ሁሉም ተስማማ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ አማቼ እንዴት ያለ ብልህ ሰው ናቸው ብዬ ኮራሁ።

በመጀመሪያው የማራገፊያ ጠዋት ወንዱም ሴቱም መጣ። እኔም ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ግንዱን በሁለት እጅ ይዘሽ ስትነቀንቂው ውሃው በአንድ ጊዜ አናትሽ ላይ ይወርዳል፤ አንገትሽ ገብቶ በጀርባሽ ይፈሳል። እኔ እየጮህኩ እየሳቅሁ ሳራግፍ፣ ዙሪያዬ ያለው ሰው በሙሉ ዝም ማለቱን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ከዚያ ከእንሰቱ ውስጥ መዝሙር ሰማሁ። አንድ ሰው አይደለም የሚዘምረው፤ ሁሉም ነው። ድምፃቸውን እጅግ ዝቅ አድርገው፣ ከሚንጠባጠበው ውሃ በታች ይዘምራሉ። አባባ አንድ ቡና ታቅፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። በጉንጫቸው የሚወርደው ውሃ የቅጠሉ ብቻ አልነበረም።

ጸሎት ቤታቸው እኔ ከመምጣቴ በፊት በመንግሥት ትእዛዝ ታሽጎ የማዳበሪያ መጋዘን ሆኗል። ሰው ከሰው ጋር ሰብሰብ ብሎ ከታየ ለምን ተሰበሰባችሁ የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ከጥያቄው በኋላ የሚመጣውን ሁሉም ያውቃል። ለሥራ ከሆነ ግን ጠያቂ የለም። እነዚህን ሰዎች ዝምተኛና ፈሪ አድርጌ ነበር የቆጠርኳቸው። እኔ ማርያም ቤተ ክርስቲያን እየተሳለምኩ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ መዝሙራቸው መዝሙሬ አይደለም፣ ቃሉም አይገባኝም። ቢሆንም ያን ጠዋት መዝሙሩ እስኪያልቅ ቡናውን ተደግፌ ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ ዝናብ ባባራ ቁጥር ይወጡ ነበር። የእኛን ጀምረው፣ ከእኛ ወደ ጎረቤት፣ ከዚያ ቁልቁል እስከ አንዲት ባል የሞተባት ሴት ጓሮ ድረስ ያራግፋሉ፤ በየጓሮው ትንሽ ይዘምራሉ፣ ይጸልያሉ። የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ ስለ ኅብረት ሥራ ሲናገር እነሱን በምሳሌነት ጠቀሰ። አባባን፣ የሠፈሩ ጓድ ሆኑ እኮ እያልኩ አሾፍኩባቸው፤ ፈገግ አሉ። አንድም ሰው አንድ ቅጠል ሳይራገፍ ቢቀር ግድ የሚሰጠው አይመስልም ነበር። ፍሬው ግን መጥቆሩን አላቆመም። እንዲያውም ባሰበት።

ባለሙያው ሳይታሰብ የመጣው እነሱ እያራገፉ ሳለ ነው። ሞተሩን ከላይ አቁሞ በእግሩ ወርዶ፣ በዚያ ጠዋት የእኛን ጨርሰው ወደ ጎረቤት ለመሻገር ጥቂት ዛፍ ሲቀራቸው ደረሰባቸው። መዝሙሩ በቅጽበት ተዋጠ፤ እጃቸው ግን መነቅነቁን አላቆመም። እኔ መዝሙሩን ሰምቶ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን የሚያየው እጃቸውን ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?" አለ።

አባባ በኩራት አስረዱት። ቅጠሉ ቶሎ ጠፈፍ እንዲል ውሃውን እያራገፍን ነው፤ አንተው እንዳስተማርከን አሉት። ልጁ ወደ እሳቸው ተጠጋ። ከዚያ የአባባን እጅ ያዘና መዳፋቸውን ወደ ላይ ገልብጦ ለሁሉም አሳየ። ቡናው እርጥብ ሲሆን በሽታው ውሃው ውስጥ ነው ያለው አለ። ከታመመው ፍሬ ታጥቦ ቅጠሉ ላይ፣ ግንዱ ላይ ይወርዳል። ያን ጊዜ የነካው እጅ፣ የነካው ልብስ ተሸክሞት ወደሚቀጥለው ቡና ይሄዳል። ሲደርቅ ቢነኩት ያን ያህል አያስተላልፍም፤ እርጥቡን ከዛፍ ዛፍ፣ ከጓሮ ጓሮ እየነኩ መሄድ ግን በሽታውን በእጅ መዝራት ነው። ቶሎ ይድረቅ አልኩ እንጂ መቼ ንኩት አልኩ ሲል ድምፁ ተሰበረ። እሱም ደንግጦ ነበር።

ሁሉም አንድ ነገር እንዳሰበ ከፊቱ ይታይ ነበር፤ ባል የሞተባት የታችኛዋ ሴት ቡና ደቦው እስኪደርስበት ድረስ አንድ ጥቁር ፍሬ አልነበረበትም። እሷ ራሷ መካከላችን ቆማ ነበር። እጆቿን አየቻቸው፣ ከዚያ ቀሚሷ ላይ ልትጠርጋቸው ስትል የቀሚሷን መርጠብ አይታ ተወችው። ክፋት ቢሠሩ ኖሮ አንድ ነገር ነው፤ እነዚህ ግን በማለዳ ተነስተው፣ ብርዱን ችለው፣ የጎረቤታቸውን ቡና በመርዳት ነው የገደሉት።

ሊቀመንበሩ ተጠርቶ መጣና ከዛሬ ጀምሮ እርጥብ ቡና ውስጥ ማንም እንዳይገባ ብሎ አዘዘ። ሰዉ ግን አልበተን አለ። ለቡናው ያዘኑ መስሎኝ ነበር። የአንዱን የሌላውን ፊት እያየሁ ስሄድ ነው ሌላው የገባኝ። ደቦው ከቀረ መሰብሰቢያቸው ቀረ። ጸሎት ቤታቸው ለሁለተኛ ጊዜ እየታሸገ ነበር፤ በዚህኛው ደግሞ የሚቀየሙት ሰው እንኳ የላቸውም።

በዚህ መካከል አንድ ሽማግሌ፣ ባናራግፈውም ይጠቁር ነበር ብለው ተከራከሩ። ሌሎችም ተቀበሏቸው። ባለሙያው ክርክሩ ሲበዛበት፣ ካላመናችሁ የአንድ ሰው ጓሮ ለሠርቶ ማሳያ ይሁን፣ የእሱ ብቻ ይራገፍና የሌላው ሳይነካ ይቆይ፣ በመከር ጊዜ እናወዳድራለን አለ። የተናገረው አፋቸውን ለማስያዝ ነው። ማን ቡናውን ይሰጣል?

"የእኔ ይሁን" አሉ አባባ።

ባለሙያው ትክ ብሎ አያቸው። ሊቀመንበሩ ለአንድ ጓሮ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ጠየቀ። አባባ ቀስ እያሉ መለሱ። ሥራው እንደ ቀድሞው ካልተሠራ ማሳያ አይሆንም፤ ስለዚህ ሁላችንም ነን አሉ። ሊቀመንበሩ ይሁን አለ።

እኔ ክው አልኩ። የእኛ ቡና ከሁሉም ይበልጣል፤ ግማሹ ገና አረንጓዴ ነው። ያ ግማሽ የእኔ ጣራ ነው። እማማ አጠገቤ ቆመው ስለነበር አንዲት ጎረቤት በጆሯቸው ነገረቻቸው። ዞር ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ያን ዕለት ራት ላይ ምራትነቴን ረሳሁት። ቆጮውን ገፍቼ፣ በፈጣኑ የሆሳዕና አማርኛዬ የሆዴን ዘረገፍኩት። ልጅዎ ቃል ገብቶልኛል፣ እማማ በእርጥብ ቅጠል ስር ነው የሚተኙት፣ አምላክ እንደሆነ በልብም ቢጸልዩ ይሰማል አልኳቸው። አባባ እስክጨርስ ጠበቁኝ። መጀመሪያ አራግፉ ያልኩት እኔ ነኝ፣ የሰው ቡና በእኔ ቃል ጠቁሯል፤ የአንድ ሰው መስጠት ግድ ከሆነ የሚሰጠው የእኔ ነው አሉ።

"እሺ፣ ሌላ ቦታ አትጸልዩም?" አልኳቸው።

"የት፣ ልጄ?" አሉኝ።

እማማ ምድጃውን እየቆሰቆሱ ነበር፤ ቀና ብለው ባላቸውን አላዩም። ከዚያ ቀን በኋላም ለብዙ ጊዜ ከአስፈላጊው በቀር አላናገሯቸውም። ምግብ ያቀርቡላቸዋል፣ ውሃ ያስታጥቧቸዋል፣ ቃል ግን የለም። እኔ በዚህ ተጽናናሁ። ቢያንስ አንድ ሰው ከእኔ ጋር ነው አልኩ።

ክረምቱን በሙሉ ዝናብ ባባራ ቁጥር መጡ። እኔ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ቤት እቀመጣለሁ፤ የሚራገፈውን ውሃ ድምፅና ከስሩ የሚሄደውን መዝሙር እሰማለሁ። የሌላውን ጓሮ ማንም አይረግጥም፤ የእኛን ይረግጡታል። ፍሬው ከዛፍ ዛፍ ሲጠቁር እያየሁ ሰነበትኩ። መሬቱ ላይ እንደ ፍየል በጠጥ ተበትኖ በባዶ እግር ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ባለቤቴ ከቦኖሻ መጥቶ ጓሮውን ያየ ዕለት ራሱን ይዞ ቁጭ አለ፤ በማግስቱ ዝናብ ሲያባራ ግን እሱም ገብቶ አራገፈ። ወደ ሥራው ሲመለስ አልሸኘሁትም።

ዝናቡ አልፎ የሌላው ሰው ቡና ቀይ ሲሆን ባለሙያው ከቦኖሻም ከሆሳዕና ዙሪያም ገበሬዎችን በመኪና ጭኖ አመጣ። ሊቀመንበሩ ያን ቀን ዱራሜ ለስብሰባ ሄዶ አልነበረም። እንግዶቹ መጀመሪያ የጎረቤትን፣ ቀጥሎ የታችኛዋን ሴት ቡና አዩ፤ ሁለቱም መነካታቸው ከቀረ ወዲህ ብዙ ፍሬ አትርፈዋል። ከዚያ የእኛ ጓሮ ገቡ። ጥቁር ነው፤ አንድ እፍኝ እንኳ የሚለቀም የለም። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ይህን ያህል ያልገባው ሰውም አለ እንዴ ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ሳቁ። አባባ አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ እንዳሉ ቆሙ። የሠፈሩ ሰው በሙሉ መሬት መሬት ያያል። እነዚህን ጎረቤቶች ጎትቼ፣ ንገሯቸው እንጂ ማለት አማረኝ፤ ቢነገር ግን የሚታሰሩት አባባ ናቸው።

ባለሙያው አባባን አመሰገነ። ማሳያው ግቡን መትቷል፣ ከእንግዲህ ማራገፍ አያስፈልግም፣ ቡናዎን ገርዘው ያድሱት አላቸው። እኔ ደስ አለኝ። ተፈጸመ፣ ለከርሞ ቡናው ያገግማል፣ የዚያን ዓመትም ባይሆን በሚቀጥለው ቆርቆሮው ይገዛል እያልኩ በልቤ ሳሰላ አባባ እጃቸውን አነሱ። አንድ ዓመት ይበቃል ወይ ብለው ጠየቁ። ዘንድሮ ዝናቡ የተለየ ሆኖ ቢሆንስ? ለከርሞም ብንቀጥል አይሻልም?

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እንግዶቹም ሳቃቸውን አቆሙ። ባለሙያው አባባን፣ ከዚያ የተሰበሰበውን የሠፈር ሰው፣ ከዚያ እንደገና አባባን አየ። ተጎጂው እርስዎ ብቻ አይደሉም፣ ቤተሰብ አለ አለና ወደ እኔ ዞረ። አማርኛዬ ከእሱ ጋር ስለሚገጥም ሁልጊዜ እኔን ማነጋገር ይቀናው ነበር። እስቲ ባለቤታቸውን ጠይቂልኝ፣ እሳቸው ከተስማሙ ነው አለኝ።

እማማ ከኋላ፣ ከሴቶቹ መካከል ነበሩ። በዚያን ጊዜ ከምባትኛ መስማት ችያለሁ፤ መናገሩ ገና ይሰባበርብኛል። በሚሰባበረው ጠየቅኋቸው። ስጠይቃቸው ልቤ ሙሉ ነበር፤ ክረምቱን በሙሉ ባላቸውን ያኮረፉ ሴት፣ ቦታውን በገዛ እጃቸው የደለደሉ ሴት፣ እምቢ እንደሚሉ አልተጠራጠርኩም። እሳቸው ግን እኔን አልፈው፣ ሲሳቅባቸው አንገታቸውን ደፍተው የቆሙትን አባባን ተመለከቱ። ከስንት ጊዜ በኋላ በቀጥታ አዩአቸው። ከዚያ በወንዶች ፊት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መለሱልኝ።

"አንድ ዓመት ምንም አያሳይም በዪው። ቆርቆሮውን ምራቴ ትጠብቃለች።"

አንድ ሰው በጥፊ የመታኝ መሰለኝ። የገዛ ጣራቸውን ብቻ ቢሰጡ ይሻል ነበር፤ የእኔንም ሳይጠይቁኝ ሰጡት፣ እሱንም በእኔ አፍ እንድናገረው። ባለሙያው ምን አሉ አለኝ። እሱና እንግዶቹ ከምባትኛ አይሰሙምና አልገባቸውም፤ የሠፈሩ ሰው ግን ሁሉም ሰምቷል። ሁሉም አፌን ያያል፤ የታችኛዋም ሴት፣ አባባም። የፈለግሁትን ብናገር የሚያርመኝ ሰው እንደሌለ ከፊታቸው አነበብኩ። እምቢ አሉ ብል ኖሮ ዝም ብለው ወደየቤታቸው ይሄዱ ነበር።

"አንድ ዓመት ምንም አያሳይም ነው የሚሉት" አልኩት። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር። "ቆርቆሮውን ደግሞ እኔ እጠብቃለሁ።"

ባለሙያው የምን ቆርቆሮ እንደሆነ አልገባውም፤ እንግዲያው ለከርሞም ይቀጥል ብሎ እንግዶቹን ወደ መኪናው ይዟቸው ወጣ።